ለሚኒ ትራክተር ስንት ሳንቲ ቲለር ልግዛ? አዲስ አበባ ዙሪያ ለምታርሱ

"ትራክተሬ 25 ፈረስ ነው፣ 1 ሜትር ከ20 ቲለር ይችላል?" "35 አለኝ፣ 1 ከ50 ልግዛ ወይስ 1 ከ80?" ይሄ ጥያቄ ከሰበታም ከሰንዳፋም ከሱሉልታም ከዱከምም ይመጣል፣ መልሱን በስልክ እየቆራረጥኩ ከምነግራችሁ አንዴ በደንብ ጽፌው ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ ይሄንኑ ልላክለት ሳይሆን ልልክለት ብዬ ነው።

ቲለር ያልኩት ከትራክተር ኋላ በሶስት ነጥብ (በሁለት የታችና በአንድ የላይ ክንድ) ታስሮ በፒቲኦ (የሞተሩን ጉልበት ከትራክተሩ ኋላ በሚያወጣው ዘንግ) የሚሽከረከረውን ነው፣ ሮታቬተር የሚባለውም ያው እሱ ነው። በእጅ እየያዛችሁ ከኋላው የምትሄዱበት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር የራሱ ቲለር ተገጥሞለት ስለሚመጣ እሱን እዚህ አላነሳም።

ሻጮች የሚያሳዩዋችሁ ሰንጠረዥ ላይ "ለ25-35 ፈረስ 1.2 ሜትር፣ ለ40-50 ፈረስ 1.5 ሜትር" የሚል ነገር ታገኛላችሁ። ሰንጠረዡ ውሸት አይደለም፣ ግን ዝቅ ላለ አገርና ለተለመደ አፈር የተሰራ ነው። እኛ ያለነው 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ አፈራችን ደግሞ ብዙ ቦታ ኮትቻ (ከባዱ ጥቁር አፈር) ነው። ስለዚህ ለከፍታውም ለአፈሩም ሳትቀንሱ ከገዛችሁ ቲለሩ ትራክተሩን ያንቀዋል።

የሚያስፈልጋችሁ

- ባለ 5 ሜትር ሜትር (ያ የሚጠቀለለው)
- የትራክተሩ ማኑዋል፣ ከሌለ ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ታርጋ ፎቶ
- ካሊፐር፣ ከጠፋ ሚሊ ያለው ማስመሪያ
- ስልክ፣ ከፍታ ለማየትና ለማባዛት
- ዶማ ወይም አካፋ፣ አፈሩን ለማየት
- ቺያቤ፣ ክሪክ፣ ሴጌቶ፣ ግራሶ (እነዚህ ለመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ናቸው)
- ወረቀት። በቃል አትያዙት፣ ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ያስረሳችኋል

1. ፒቲኦው ላይ ስንት ጉልበት እንደሚደርስ እወቁ

ትራክተሩ ጎን ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የሞተሩ ነው። ቲለሩን የሚያዞረው ግን ሞተሩ በቀጥታ ሳይሆን ፒቲኦው ነው፣ እዚያ እስኪደርስ ካምቢዮው ውስጥ የሚጠፋ አለ። ማኑዋሉ ላይ የፒቲኦ ጉልበት ለብቻው ተጽፎ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ካጣችሁ የሞተሩን በ0.85 አባዙት።

25 ፈረስ → 21
35 ፈረስ → 30 ሊሞላ ትንሽ የቀረው
50 ፈረስ → 42.5

እዚያው እያላችሁ የፒቲኦውን ፍጥነት ተመልከቱ። ቲለር በ540 ዙር ነው የሚሰራው፣ ሞተሩ በስንት ዙር ሲሄድ 540 እንደሚሰጥ አርፒኤም ጌጁ ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አለ። 540 እና 1000 የሚቀያየር ከሆነ ለ540 በተሰራ ቲለር 1000ውን እንዳትነኩት፣ ካርዳኑም (ፒቲኦውን ከቲለሩ የሚያገናኘው ዘንግ) ማርሽ ቤቱም ለዚያ አልተሰራም።

2. ከፍታውን ቀንሱ

ይሄን እርምጃ ማንም አያደርገውም፣ ለዚህ ነው በደንብ የማወራው።

ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር አየር የሚስበው በራሱ ትንፋሽ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ናፍጣው ያው ሆኖ የሚያቃጥለው ኦክስጅን ስለሚያንስ ጉልበቱ ይወርዳል። በግምት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ይሄዳል ብላችሁ ያዙት። ቢሾፍቱ 1900 ገደማ ነው፣ 19 በመቶ ያህል ያጣል ማለት ነው። አዲስ አበባና ሆለታ አካባቢ 2400 ብትሉት 24 በመቶ። ሱሉልታ ከዚያም በላይ ነው። ስልካችሁ ላይ ከፍታ የሚያሳይ ነገር ከፍታችሁ ማሳው ላይ ቆማችሁ እዩት፣ ከተማ ውስጥ ያያችሁት ቁጥር ከማሳችሁ በ200 እና 300 ሜትር ሊለይ ይችላል።

ለ2400 ሜትር በ0.76 አባዙ፦

25 ፈረስ የነበረው → ፒቲኦ ላይ 16
35 የነበረው → 22.6
50 የነበረው → 32.3

አያችሁ አይደል፣ 25 ፈረስ ብላችሁ የገዛችሁት ትራክተር ቲለሩ ጋ ሲደርስ 16 ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ከሆነ የሚያጣው በጣም ትንሽ ነው፣ አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ፣ እሱ ከሆነ የመጀመሪያውን እርምጃ ቁጥር ይዛችሁ ወደ 3 እለፉ። ተርቦ ይኑረው አይኑረው ካላወቃችሁ ጭስ ማውጫውን ተከተሉ፣ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ቀንድ አውጣ የሚመስል ብረት ካለ ተርቦ ነው።

3. ለአፈራችሁ ቁጥር ስጡት

ቲለር በየ30 ሳንቲ ስፋቱ የተወሰነ ጉልበት ይፈልጋል፣ ያ የሚወሰነው በአፈሩ ነው። ከታች ያሉት ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ጥልቀት በአንድ ጊዜ ለመውሰድ ነው።

5 ፈረስ፦ በየዓመቱ የሚታረስ ለስላሳ አፈር፣ እንደ ቢሾፍቱ አካባቢ ቀለል ያለው፣ ወይም ፍግ ሲበላ የኖረ የጎመንና የሰላጣ መደብ።
6 ፈረስ፦ ቀይ አፈር፣ የሆለታ አካባቢው ዓይነት።
7 ፈረስ፦ ኮትቻ ወይም መረሬ፣ በቾ፣ ሰበታ፣ አቃቂ፣ ዱከም በኩል ያለው ጥቁሩ።

ሳር የወረሰው ዘንድሮ ገና የሚከፈት መሬት ከሆነ በየትኛውም ላይ 1 ጨምሩበት። የሳር ሥር ምላጩ ላይ እየተጠመጠመ ይይዛል።

አፈሩን ከቤት ሆናችሁ አትገምቱት። ዶማ ይዛችሁ ሶስት አራት ቦታ 20 ሳንቲ ቆፍሩ፣ ምክንያቱም ላዩ ቡናማ ሆኖ ከስር ጥቁር ጭቃ የሆነ ማሳ ሞልቷል፣ ቲለሩን የሚያስቸግረው ደግሞ የታችኛው ነው። ድንጋይ ካያችሁ ምን ያህል እንደሚያክል ጻፉ፣ ለእርምጃ 7 ይጠቅማል። የተለያየ አፈር ያለው ማሳ ከሆነ በከባዱ አስሉ።

4. አካፍሉ

የቀረውን የፒቲኦ ጉልበት ለአፈሩ ቁጥር አካፍሉ፣ በ30 አባዙ። የሚመጣው በሳንቲ ትልቁ ስፋት ነው።

ምሳሌ፣ ሰበታ አካባቢ ኮትቻ ላይ 35 ፈረስ ተርቦ የሌለው፦ 22.6 ÷ 7 = 3.2፣ × 30 = 97 ሳንቲ። በቃ 1 ሜትር ነው። ሻጩ በሰንጠረዡ 1 ከ20 ይዞላችሁ ሊወጣ ነበር።

ያው ትራክተር ቀይ አፈር ላይ 113 ሳንቲ፣ ለስላሳ አፈር ላይ 136። 50 ፈረሱ ኮትቻ ላይ 138፣ ቀይ ላይ 162። 25ቱ ለስላሳ አፈር ላይ 96፣ ኮትቻ ላይ 69 ሳንቲ ብቻ።

"69 ሳንቲ ቲለር ከየት ይመጣል?" ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ለትራክተር በቀላሉ አታገኙትም። መፍትሄው ሁለቴ መሄድ ነው። መጀመሪያ 6 ወይ 7 ሳንቲ፣ ሁለተኛው ላይ እስከ 12 ወይ 15። ምላጩ በአንዴ የሚነካው አፈር በግማሽ ስለሚቀንስ ሸክሙም አብሮ ይወርዳል። ሁለቴ ለመሄድ ከተስማማችሁ ከስሌቱ ሩብ እስከ ሲሶ ያህል ሰፋ ያለ መውሰድ ትችላላችሁ እኔ በበኩሌ ከዚያ በላይ አልመክርም። 25 ፈረስ ላይ ኮትቻ የምታርሱ 90 ሳንቲ ካገኛችሁ ያዙት፣ 1 ሜትር ከ20ውን ተዉት።

ጠባብ መግዛት ሥራ ያዘገያል ብላችሁ የምትፈሩ ደግሞ ይሄን አስሉ፣ ቲለር በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ግማሽ ሄክታር በ1 ሜትር ቲለር 2 ሰዓት፣ በ1 ከ50 አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ መዞሪያውን ሳንቆጥር። ልዩነቱ 40 ደቂቃ ነው። ያውም ሰፊው ሳይታነቅ ከሄደ!

5. የኋላ ጎማውን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለኩ

ከግራ ጎማ የውጭ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጎማ የውጭ ጠርዝ። ቲለሩ ከዚህ ከሰፋ የጎማ ዱካ ይሸፍናል፣ ከጠበበ ግን ያለሰለሳችሁትን በሚቀጥለው ዙር ጎማው መልሶ ይረግጠዋል። ካሮት የሚዘራ ሰው ይሄ በደንብ ይገባዋል፣ የተረገጠው ላይ ካሮቱ ሁለት እግር ያወጣል።

ችግሩ ግን እርምጃ 4 እና ይሄኛው ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ጎማው 120 ይላል፣ ጉልበቱ 97። ያኔ ጉልበቱ ነው የሚያሸንፈው፣ ጎማውን በሌላ መንገድ እንፈታዋለን፦

መጀመሪያ ጎማውን ማጥበብ ይቻል እንደሆነ እዩ። ብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ላይ ቸርኬውን ገልብጦ በማሰር ወይም ግራና ቀኙን በመቀያየር ስፋቱ ይለወጣል፣ ማኑዋሉ ላይ ስዕሉ አለ። ስታቀያይሩ የጎማው ጥርስ አቅጣጫ ወደ ኋላ እንዳይሆን፣ ተገልብጦ ከታሰረ አፈር አይነክስም። ተዳፋት መሬት ያላችሁ ግን አታጥቡት፣ እንጦጦ ጥግና ሱሉልታ መውጫ ላይ ያላችሁ ለእናንተ ነው የምለው፣ የጠበበ ትራክተር ቶሎ ይገለበጣል።

ሁለተኛው ቲለሩን ወደ ቀኝ አስጠግቶ ማሰር ነው። ወደ ጎን የሚንሸራተት ማሰሪያ ያለው ቲለር ጠይቁ። አንዱን ጎማ ይሸፍናል፣ ሌላኛው ያልታረሰው ላይ ይሄዳል፣ እየዞራችሁ ስትመጡ ዱካ አይቀርም። አጥር ጥግም እስከ ጫፍ ታርሳላችሁ።

የበራችሁን ስፋትም አብራችሁ ለኩ። ይሄን የምለው ቆርቆሮ በር ነቅለው ያስገቡ ሰዎች ስላየሁ ነው።

6. ማሰሪያውና የማንሳት አቅሙ

ቲለሩ ከትራክተሩ ጋ የሚታሰርበትን ፒን በካሊፐር ለኩ። ሚኒ ትራክተር ላይ በብዛት የምታገኙት ካቴጎሪ 1 (የማሰሪያው የመጠን ደረጃ) ነው፣ የታችኛው ፒን 22 ሚሊ፣ የላይኛው 19። በጣም ትንንሾቹ ላይ 16 ሚሊ የሆነ አለ። ካቴጎሪ 2 የታችኛው 28፣ የላይኛው 25 ነው። የትራክተሩ ቀዳዳ ከቲለሩ ፒን ከሰፋ ቡሽ (ቀዳዳውን የሚያጠብ የብረት ቀለበት) ይገባበታል፣ ርካሽ ነው። ከጠበበ ግን አትብሱት፣ ቲለሩ ራሱ ለትራክተሩ ትልቅ ነው ማለት ነው፣ ፒኑ እየነገራችሁ ነው።

ከዚያ ክብደት። 1 ሜትር ከ20 የሆነ ቲለር 200 እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። የማንሳት አቅም ማኑዋሉ ላይ ሁለት ቦታ ሊጻፍ ይችላል፣ አንዱ ክንዱ ጫፍ ላይ ሌላው ከጫፉ 61 ሳንቲ ወደ ኋላ። ሁለተኛውን ውሰዱ፣ ምክንያቱም የቲለሩ ክብደት የሚያርፈው ወደ ኋላ ወጣ ብሎ ነው። ማንሳቱን ከቻለም የፊት ጎማው መሬት መያዝ አለበት፣ ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ 20 በመቶው ፊት ላይ ይቅር። ሚዛን ከሌላችሁ ቲለሩን አንስታችሁ በቀስታ ስትነዱ መሪው ቅልል ካላችሁ ፊት ላይ ክብደት ጨምሩ ወይም አነስ ያለ ቲለር ውሰዱ።

7. ካርዳኑና መከላከያው

ካርዳን ሻፍት አብሮ ይመጣል፣ ግን ለእናንተ ትራክተር ተለክቶ አይደለም የሚመጣው። ቲለሩን አስራችሁ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ከፍም ዝቅም እያደረጋችሁ ለኩ። በጣም ሲያጥር ቢያንስ ከ2.5 እስከ 5 ሳንቲ ትርፍ መንሸራተቻ ይቅረው፣ አለዚያ ስታነሱት ገፍቶ የፒቲኦውን ኩሽኔታ ይሰብራል። በሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ ሁለቱ ቱቦዎች ቢያንስ በሲሶ ርዝመታቸው መደራረብ አለባቸው። ከረዘመ በሴጌቶ ከሁለቱም እኩል ቁረጡ፣ የፕላስቲክ ሽፋኑንም እንደዚያው፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱና ግራሶ ቀቡት።

ድንጋይ ያለበት መሬት ከሆነ ፍሪሲዮን ያለው ካርዳን ግዙ። ድንጋይ ሲነካ ይንሸራተትና ማርሽ ቤቱን ያድናል። ርካሹ ደግሞ በቡሎን የሚበጠሰው ነው፣ ድንጋይ ለማይበዛበት ማሳ ይበቃል፣ ግን መለዋወጫ ቡሎን ኪሳችሁ ይኑር። ፍሪሲዮን ያለው ከሆነ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ይዝጋል፣ ዝጎ ከተጣበቀ እንደሌለ ቁጠሩት። ሥራ ስትጀምሩ ዳዶዎቹን እኩል ላላ አድርጋችሁ ለትንሽ ሰኮንድ አንሸራትቱትና መልሳችሁ በማኑዋሉ ልክ አጥብቁ።

8. ምላጭና ጎን ማርሽ

ለአብዛኛው አፈር ኤል ቅርጽ ምላጭ ይሆናል። እርጥበት ያለው ከባድ ኮትቻ ላይ ሲ ቅርጽ ይሻላል፣ አፈር ብዙም አይጣበቅበትም። ጎኑ በካቴና የሚዞር ቲለር ይቀላል ይረክሳልም፣ ለጓሮ አትክልት ምንም አይልም፣ ከባድ አፈርና ድንጋይ ላይ ግን በማርሽ የሚዞረውን ያዙ።

ወደ ኋላ የሚሽከረከር ቲለር ቢያመጡላችሁ በጣም ያደቅቃል፣ ድንጋይና ሳርም ይቀብራል፣ ግን ጉልበት የበለጠ ይበላል፣ ለ25 እና 30 ፈረስ በዚህ ከፍታ አይመከርም።

9. ከመክፈላችሁ በፊት አፈር ላይ

ሲሚንቶ ላይ ሲሽከረከር ሁሉም ቲለር ጎበዝ ነው። ሻጩን አፈር ላይ ልሞክር በሉት፣ እምቢ ካለ ቢያንስ ቀብድ ብቻ ከፍላችሁ ማሳችሁ ላይ ሞክሩ።

ማርሽ ቤቱ ውስጥ ዘይት መኖሩን መጀመሪያ እዩ፣ ባዶውን የሚጫን አለ። ከዚያ አፈሩን ጭብጥ አድርጉ፣ ተጨብጦ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ቀጥሉ፣ እንደ ሊጥ ከተሳበ ተዉት፣ ጭቃ ላይ የተሞከረ ቲለር ስለ ስፋቱ ምንም አይነግራችሁም፣ አፈሩም ከስር ይለሰንና ውሃ አያሳልፍም። መጨረሻው ከባድ (ዝቅተኛው) ማርሽ፣ ፒቲኦ 540፣ 20 ሜትር ሂዱና አራት ነገር እዩ፦ ዙሩ ከ540 ወደ 480 ከወረደ በዝቷል። ጥቁር ጭስ ሳያቋርጥ ከወጣ በዝቷል፣ እኛ ከፍታ ላይ ጭስ ቶሎ ነው የሚመጣው። ትራክተሩ ወደፊት እየተገፋ ከዘለለ አፈሩ ደርቋል ወይ ጥልቀቱ በዝቷል። ካቆማችሁ በኋላ በማስመሪያ ጥልቀቱን ለኩ፣ 6 ሳንቲ ብቻ ከሆነ በላይ በላዩ ነው የቧጨረው።

ተጠንቀቁ

ጋቢ፣ ነጠላ፣ የተንጠለጠለ ሻሽ፣ ረጅም ካፖርት አድርጎ ፒቲኦ አጠገብ መቆም ክልክል። 540 ማለት በሰኮንድ 9 ዙር ነው፣ ጨርቅ ከያዘ ለመጮህም ጊዜ አይሰጥም። የካርዳኑ ፕላስቲክ ሽፋን ከተሰበረ ቀይሩት እንጂ አውልቃችሁ አትጣሉት።

ሳር ወይ ማዳበሪያ ጆንያ ሲጠመጠም ሞተር አጥፉ፣ ቁልፉን አውጡ፣ ምላጩ እስኪቆም ጠብቁ፣ ቲለሩ ከፍ ብሎ ከሆነ ስሩ ድጋፍ አስገቡ። በሃይድሮሊክ ብቻ የተንጠለጠለ ቲለር ስር እጃችሁን አታስገቡ።

ምላጩ እየዞረ ወደ ኋላ አትሂዱ። ማዞሪያ ላይ ስታነሱት ፒቲኦውን አጥፉ። ልጆች ትራክተር ሲያዩ ሮጠው ይመጣሉ፣ ቲለሩ ላይ መቀመጥ ይወዳሉ፣ አንድ ሰው ለእነሱ ጠባቂ ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

የሞተሩን ፈረስ ብቻ ተናግሮ መግዛት። ሻጩ የሚጠይቃችሁ እሱን ብቻ ነው፣ እናንተ ግን ወረቀታችሁ ላይ ሌላ ቁጥር አላችሁ።

"ወደፊት ትልቅ ትራክተር እገዛለሁ" ብሎ ትልቅ ቲለር መግዛት። እስከዚያ ያላችሁ ትራክተር ፍሪሲዮኑ ያልቃል፣ ትልቁን መግዣ ብር እዚያ ይሄዳል።

የሚበጠሰው ቡሎን ሲያስቸግር በጠንካራ ቡሎን ወይም በአርማታ ብረት መተካት። ቡሎኑ የተሰራው እንዲበጠስ ነው። እሱ ካልተበጠሰ ማርሽ ቤቱ ይበጠሳል፣ ዋጋቸው ደግሞ አይገናኝም።

ጉልበት ሲያንስ ነዳጅ ፓምፑን በመካኒክ ማስከፈት። አየሩ ነው ያነሰው፣ ናፍጣ ብትጨምሩ ጭስና ሙቀት ነው የምትጨምሩት። ይልቅ አየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ በጋ ላይ አቧራው በአንድ ቀን ይደፍነዋል።

ጉልበት ሲያጣ ከፍ ያለ ማርሽ አስገብቶ "በፍጥነት" ማለፍ። ምላጩ በአንድ ዙር የሚነክሰው አፈር ይጨምራል፣ ሸክሙም ይጨምራል። ማርሹን ዝቅ አድርጉ፣ ካልሆነ ጥልቀቱን ቀንሱ፣ ሁለቱም አልረዳ ካለ ቲለሩ ሰፍቷል፣ ከግራና ከቀኝ የመጨረሻዎቹን ምላጮች እኩል አውልቃችሁ ማጥበብ ይቻል እንደሆነ ማኑዋሉን እዩ። አንዱን ጎን ብቻ ካወለቃችሁ ግን ይንቀጠቀጥና ኩሽኔታውን ይበላዋል።